ንጥር ቅቤ መኪና ውስጥ ፈሶብኝ ሽታው አልለቅ አለኝ፤ ቀለሙም ተጭሯል

ሄሉ_ቪትዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ መኪና አያያዝ የሚገባችሁ ሰዎች አንድ በሉኝ። ጥቁር ቪትዝ ነው የምነዳው። ችግሬ ሁለት ነው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ።

የውስጡ ይቀድማል። ከክፍለ ሀገር የተላከልኝ ንጥር ቅቤ የኋላ ወንበር ላይ ተገለበጠ። ግማሹን ወንበሩ ጠጣው፣ ግማሹ ሞኬቱ ላይ ወረደ። ላቫጆ ወስጄ ውስጡን እጠቡልኝ አልኳቸው። ኦሞ በትነው በብሩሽ ፈተጉት፣ በጎማ ውሃ ለቀቁበት፣ እርጥቡን እንዳለ ቁልፉን ሰጡኝ። አሁን ጠዋት በሩን ስከፍተው ያፍናል። ቅቤ ቅቤ ብቻ ቢል ምንም አልነበረም፣ የሻገተ ጨርቅ ሽታ ተጨምሮበታል። ወንበሩ ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር ቀርቷል።

ውጭውን በተመለከተ፣ ሥራዬ ለገሃር አካባቢ ነው፣ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ነው የማቆመው። አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ይጠርግልኛል። ኮፈኑ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ የሆነ ጭረት የሸረሪት ድር መስሎ ይታያል። የፊት መብራቱም ቢጫ ሆኗል። "ፖሊሽ አስደርጊው ይለቃል" ይሉኛል። እውነት ይለቃል ወይስ ብር መበተን ነው?

የፒያሳ_ልጅ፦
ቡና ፍሬ በጨርቅ ቋጥረሽ ወንበር ሥር አድርጊ። ሽታውን ምጥጥ ነው የሚያደርገው።

ላቫጆው፦
ቡናው ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ቅቤውን ከስፖንጁ አያወጣውም። ትንሽ ቆይቶ ቡና በቅቤ ይሸታል፣ እሱም የሚወደው ሰው አለ እንግዲህ።

እኔ ላቫጆ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የራሳችንን ጉድ ልንገርሽ። ብዙ ቦታ "የውስጥ እጥበት" ማለት ኦሞ፣ ብሩሽና ጎማ ነው። ቅቤ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀቅበት አይለቅም፣ ወደ ስፖንጁ ነው የሚገፋው። ኦሞው በደንብ ሳይለቀለቅ ሲቀር ደግሞ ጨርቁ ላይ ደርቆ ቆሻሻ ይሰበስባል። ውሃው ከሞኬቱ ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ይቀመጣል። ላይ ላዩን ደርቋል ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ከሥር ግን እርጥብ ነው። የሻጋታው ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ሂጂና እይው፣ ያን ጊዜ የቀረው ቅቤ ረግቶ ነው የምታገኚው። በአሮጌ ካርድ ነገር ፍቅፍቅ አድርገሽ አንሺው። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ወፈር አድርገሽ ነስንሺበት፣ ይደርበት፣ በማግስቱ በቫኪዩም ሳቢው። ዘይቱ ብዙ ከሆነ ድገሚው፣ ቸኩለሽ ወደ ውሃ አትሂጂ። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርገሽ ምችው። ወንበሩ ላይ የሚሄደው አረፋው ብቻ ነው፣ ውሃው ሳህኑ ውስጥ ይቅር። ለስላሳ ብሩሽ ያዢና ከዳር ወደ መሃል ሂጂ፣ ከመሃል ወደ ዳር ከሄድሽ እድፉን ታሰፊዋለሽ። ከዚያ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ አስመጥጪው፣ አትፈትጊው። ነጭ የሚሆነው ምን ያህል እየወጣ እንደሆነ እንድታዪበት ነው። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ውሃ በነካው ጨርቅ ሳሙናውን አንሺ።

ቢጫው እርዱ ነው። ቅቤው ሲነጠር እርድ ገብቶበታል ማለት ነው። እሱ ላይ ጉልበት አትጨርሺ፣ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ዘይቱ ከወጣለት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አቁሚው፣ እየደበዘዘ ይሄዳል። በረኪና ግን እንዳታስጠጊው፣ ጨርቁን ያነጣዋል፣ የደህንነት ቀበቶው ላይ ከነካ ደግሞ ክሩን ይበላዋል።

ለሻጋታው አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ ትንሽ ርጪበት፣ በሮቹን ከፍተሽ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይዋል። ሞኬቱን ከጫፉ አንስተሽ ከሥሩ በእጅሽ ዳስሺ። ብዙ መኪና ላይ የኋላ መቀመጫው ከፊት ጠርዙ ወደ ላይ ሲሳብ ይነሳል፣ አንዳንዱ ቡሎን አለው። የፊት ወንበር ሥር ቢጫ ሶኬት ካየሽ ግን አትንኪው። የኤርባግ ነው፣ ቁልፉ ተከፍቶ ከተነቀለ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በርቶ ይቀራል፣ ለማጥፋት ኮምፒውተር ነው የሚፈልገው።

ሌላ ጊዜ ላቫጆ ስትሄጂ "ረጭቶ መልሶ ውሃውን የሚስብ ማሽን አላችሁ ወይ" በይ። ከሌላቸው ከውጭ ብቻ አሳጥበሽ ሂጂ።

ክሊር_ኮት፦
የውስጡ ተመልሷል፣ እኔ ወደ ውጭው ልሂድ። ቀለም ቤት ነው የምሠራው።

ጭረቱን ያመጣው ጨርቁ ነው፣ በተለይ ጨርቁ ላይ ያለው። መሃል ከተማው የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ጀምሮ ሲፈርስና ሲሠራ ነው የከረመው፣ መኪናሽ ላይ የሚያርፈው አቧራ ሲሚንቶና የተፈጨ ድንጋይ ነው። ልጁ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ያንን ሁሉ መኪና ይጠርጋል። ጨርቁን ነክሮ ሲጨምቀው አሸዋው እዚያው ባልዲ ውስጥ ይቀራል፣ ተመልሶም ጨርቁ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ያንቺ ኮፈን ላይ በክብ በክብ ያሸዋል። በዚህ ላይ የፋብሪካው ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን ከላይ የሚጠብቀው ግልጽ ሽፋን፣ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ቢሆን ነው። ነጭ መኪና ላይ ይሄ ሁሉ አይታይም፣ ጥቁር ምንም አይደብቅም።

ልጁን ግን አታባሪው። ያው ብሩን ስጪው፣ መስታወቱንና ስፖኪዮውን ብቻ ይጥረግልሽ፣ መኪናውንም ይጠብቅልሽ። አቧራ ለብሶ የዋለ ቀለም ምንም አይሆንም። የሚጎዳው ደረቅ አቧራ ላይ ጨርቅ ማሳረፍ ነው፣ ያ የላባ መጥረጊያም ያው ነው።

ራስሽ ካጠብሽ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው ብለሽ አትስጊ፣ ብዙ አይፈጅም። መርካቶ ተክል መርጫ የሚባለውን በእጅ የሚነፋ ፓምፕ ግዢ። ውሃና ትንሽ የመኪና ሻምፖ አድርጊበት፣ ከላይ እስከ ታች ርጪና ትንሽ ተይው፣ አሸዋው ራሱ ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ሻምፖ ያለበት፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ጓንቱን ወይም ማይክሮፋይበሩን መጀመሪያ ንጹሑ ላይ አጥበሽ ነው ወደ ሻምፖው የምትመልሺው። ከጣሪያው ጀምሪ፣ የበሮቹ ታችና ፓራውልቱ መጨረሻ ይሁኑ። ለቸርኬው የራሱ ጨርቅ ያዢለት፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ ብረት አለበት። ፀሐይ ላይ የጋለ ኮፈን አትጠቢ፣ ውሃው ቶሎ ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ይብስበታል።

ዛፍ ሥር ነው የማቆመው ላልሽው፣ የወፍ ኩስ ካየሽ በጥፍርሽ ወይም በደረቅ ሶፍት አትፈቅፍቂው። እርጥብ ሶፍት ላዩ ላይ አንጥፊበትና ትንሽ ቆይተሽ አንሺው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሊሩን ይበላዋል፣ ዱካው በእጥበት አይለቅም።

ፖሊሽ ይለቃል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይለቃል። ፖሊሽ ማለት ግን ክሊሩን በጥቂቱ መግፈፍ ማለት ነው፣ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር የሚደረግ ነገር አይደለም። መኪናው ከዚህ በፊት እዚህ ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ክሊሩ የት ጋ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፣ የማይታይ ቦታ ላይ ይሞክሩት። ጸጉራም ፓድ ብቻ ይዘው የሚጨርሱትን ሽሺ፣ ጥቁር ላይ ፀሐይ ሲመታው ሌላ ዓይነት ጭረት ትተው ነው የሚሄዱት። በሻካራው ፖሊሽ ጭረቱን ካነሱት በኋላ በስፖንጅ ፓድ መድገም አለባቸው። ከዚያ ሰም ትቀቢዋለሽ። ሰሙ በኛ ፀሐይ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ ነው፣ ግን ርካሽ ነው፣ ራስሽ ትቀቢዋለሽ።

ጋሼ_ላዳ፦
ልጆች ነገር አታካብዱ። እኛ ላዳ ታክሲ ስንነዳ ሻምፖውም ኦሞ ነበር፣ ፖሊሹም ናፍታ። ገላውን በኦሞ፣ ጎማውንና ጥቁር ጥቁሩን ናፍታ በነካው ጨርቅ፣ አለቀ። መኪናው እንደሆነ ቦግ ብሎ ነው የሚወጣው። አሁን ሁለት ባልዲ፣ ጓንት፣ ፓምፕ… መኪና ነው የምታጥቡት ወይስ አራስ ልጅ?

ክሊር_ኮት፦
ጋሼ፣ ላዳው ማብራቱ እውነት ነው፣ አልክድዎትም። ግን የዚያን ጊዜው ላዳ ላዩ ላይ ክሊር የለውም፣ ከላይ እስከ ታች ቀለም ነው። ፀሐይ ሲያደበዝዘው የሞተውን ቀለም በፖሊሽ ፓስታ አሽተው ያነሱታል፣ ከሥሩ አዲሱ ይወጣል። የዛሬው መኪና ቀለሙ ስስ ነው፣ የሚጠብቀው ክሊሩ ነው፣ እሱ ከተላጠ በኋላ መቀባት እንጂ ማሸት አያድነውም። ኦሞው ክሊሩን አይገድለውም፣ ሰሙን ግን አጥቦ ይወስደዋል። ናፍታው የበሩን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ደግሞም እስኪደርቅ ድረስ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በተለይ ሞተር በናፍታ ወይም በነጭ ጋዝ አጥበው በውሃ የሚለቀልቁትን ነገር አስተውለውታል? ውሃው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥና መኪናው እየነጠቀ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

ጋሼ_ላዳ፦
እሺ፣ የናፍታውን ነገር ተውኩት። ኦሞውን ግን እንጃ።

ባለ_ቻርጀር፦
ጥያቄ ላስገባ ይቅርታ። የኔ ኤሌክትሪክ ናት፣ ላቫጆ በግፊት ውሃ ከሥር ሲመቷት ልቤ ይመታል። ችግር አለው?

ላቫጆው፦
ባትሪው የታሸገ ነው፣ ዝናብና ኩሬም እንዲችል ነው የሚሠራው። የግፊቱን አፍ ግን ብርቱካናማ ገመድና ሶኬት (ከባዱ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት) ላይ አስጠግተው እንዳይመቱት ንገራቸው፣ ኮፈኑን ከፍተውም በጎማ አይልቀቁበት። የቻርጅ መክፈቻው መዘጋቱን እይ። ቻርጅ ላይ ሆና አትታጠብ። የዝናብ መጥረጊያው በራሱ የሚነሳ ከሆነም አጥፋው፣ ልጆቹን በመጥረጊያ የመታ መኪና አይቻለሁ።

ሜክሲኮ_ጋራዥ፦
መብራቱን ማንም አልነካላትም እኮ። የመብራቱ ፊት መስታወት አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው፣ ቢጫ የሆነውም የተላጠውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አልትራቫዮሌቱ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐዩ ቀልድ የለውም። ዳሽቦርዱ የሚሰነጠቀውም በሱ ነው፣ ስታቆሚ የመስታወት መጋረጃ አድርጊበት።

በጥርስ ሳሙና ብታሺው ይጠራል፣ ብዙ ሳይቆይ ግን ይመለሳል። በደንብ ይሠራ ከተባለ ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኖ፣ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ከቁጥር 800 ጀምሮ 1,000፣ 2,000፣ 3,000 እያሉ ማሸት፣ ከዚያ ፖሊሽ። የመጨረሻውን ግን ብዙዎቹ አይነግሩሽም፣ ከፀሐይ የሚከላከል ክሊር ካልተነፋበት በወራት ውስጥ የድሮው ቢጫ ይመለሳል። ከመክፈልሽ በፊት "ክሊር ትነፋላችሁ?" በይ።

ሄሉ_ቪትዝ፦
በጣም ነው የማመሰግነው፣ ሁላችሁንም። ቤኪንግ ሶዳው ሠርቷል፣ ወንበሩ አሁን ቅቤ አይሸትም። ጋሼም ያሳቁኛል። ግን ሞኬቱን አንስቼ ስዳስሰው ከኋላ ደረቅ ነው፣ እርጥብ የሆነው ጋቢናው ነው፣ ተሳፋሪው እግር ሥር። እዚያ ደግሞ ቅቤም አልደረሰም፣ እነሱም ውሃ አልለቀቁበትም። ስፖንጁን ስጫነው ውሃ ይወጣል።

ሜክሲኮ_ጋራዥ፦
እንግዲያው ሻጋታው ከእጥበቱ አይደለም። ዛፍ ሥር አይደል የምታቆሚው? ኮፈኑን ክፈቺና የዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን እይው። ግራና ቀኝ የውሃ መውረጃ አለው፣ ቅጠልና አበባ ሲዘጋው የዝናቡ ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ጋቢና ይገባል። ቅጠሉን በእጅሽ ልቀሚው፣ ከዚያ አንድ ጠርሙስ ውሃ አፍስሺና ከመኪናው ሥር ሲወርድ ካየሽ ተከፍቷል። የጋቢናውን መሳቢያ አውርደሽ ከጀርባው ያለውን የአየር ፊልትሮም አውጪው፣ እርጥብ ከሆነ ጣይውና ቀይሪ፣ ሽታው ግማሹ እዚያ ላይ ነው።

ዝናብ ሳይኖር የሚረጥብ ከሆነና ኤሲ የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ የኤሲው ውሃ መውረጃ ቱቦ ተዘግቶ ይሆናል። ከሥር በኩል በቀጭን ለስላሳ ሽቦ ቀስ ብሎ መጎርጎር ነው፣ አለቀ።

ከሁሉም በፊት ግን ውሃውን በጣትሽ ነክተሽ አሽቺው፣ አትቅመሺው። ዝም ብሎ ውሃ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ነው። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት፣ ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ነው፤ እሱ ከሆነ የማጠቡን ነገር ተይና የሞተሩን ውሃ መጠን አይተሽ ጋራዥ ውሰጂው።