ከነጠላና ከጥጥ ጨርቅ ኩዊልት መሥራት፦ የስፌት ትርፉ፣ ገበሩ፣ የጨርቁ መጠን

ጡረተኛው_ከሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ኩዊልት (ከተገጣጠሙ ቁራጭ ጨርቆች፣ ከመሃል ሙሌትና ከገበር የሚሠራ ድርብርብ ልብስ) መስፋት የጡረታ ሥራዬ ሆኗል። ከመደብር በሚገዛ የኩዊልት ጥጥ ካሬ ቆርጦ መገጣጠሙን አውቀዋለሁ። አሁን ማንም የማይለብሳቸውን ሦስት ነጠላዎች ከታተመ ጥጥ ጋር እያፈራረቅሁ፣ ሶፋ ላይ የሚጣል 60 በ72 ኢንች ኩዊልት መሥራት እፈልጋለሁ። የሁለቱ ነጠላ ጥለት ቀይና አረንጓዴ ነው፤ የአንዱ ወርቃማ የሚያብረቀርቅ ክር አለው።

በቁራጭ ስሞክረው በተለመደው ሩብ ኢንች ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ባለው) የሰፋሁት ነጠላ ትንሽ ሲሳብ ከስፌቱ ተተረተረ። ምን ላድርግ? ጥለቱስ ካውያ ይችላል? ከመሃል በባቲንግ (ላዩና ገበሩ መካከል በሚገባው ሙሌት) ፋንታ አሮጌ ጋቢ ማስገባትስ ይቻላል? ጨርቅ ለመግዛት ስለምወጣ መጠኑንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ማሽኔ ተራ የቤት ማሽን ነው፤ ቀጥታና ዚግዛግ ይሰፋል።

ስፌት_በየቤቱ፦

ጋሼ፣ የተተረተረው ስፌትዎ ደካማ ሆኖ አይደለም። የኩዊልት ጥጥ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ በሩብ ኢንች ውስጥ ስፌቱን የሚይዙ ብዙ ክሮች አሉት። የነጠላ ድርና ማግ ግን ይራራቃል፤ በዚያው ሩብ ኢንች ውስጥ ያለው ክር ጥቂት ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ደግሞ ልል ስለሆነ ሲሳብ ከስፌቱ ሥር ተንሸራትቶ ይወጣል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ነጠላውን ከጀርባው ማጠንከርና የስፌት ትርፉን ለሁሉም ካሬ፣ ለታተመውም ጭምር፣ ግማሽ ኢንች ማድረግ።

ከሁሉ በፊት እጥበቱ ይቅደም። ነጠላው ድርብ ከሆነ የተያያዘበትን ስፌት ፈትተው ንብርብሩን ይለያዩት፤ ጨርቁም እጥፍ ይሆንልዎታል። የተከፈተውን ጠርዝ ሁሉ በዚግዛግ ይዙሩት፤ አለበለዚያ ማጠቢያው ውስጥ ጫፉ ይበተናል፣ ክሩም እየተመዘዘ እርስ በርሱ ይተበተባል። ከዚያ ቀለሙን ይፈትሹ፦ ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውሃ አርጥበው ጥለቱ ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ያሹት። ቀይ ነገር ከወጣ ያንን ነጠላ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀለም የሚይዘውን የማጠቢያ ወረቀት ጨምረው ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግመው ይጠቡት። ከሦስት እጥበት በኋላም የሚለቅ ከሆነ ጥለቱን ቆርጠው ያስቀሩት፤ በነጩ ብቻ ይሥሩ። ያለቀ ኩዊልት ላይ ነጭ ሸማ አንዴ ሮዝ ከሆነ መመለሻ የለውም።

ኩዊልቱ ካለቀ በኋላ በምን እንደሚታጠብና እንደሚደርቅ ከአሁኑ ይወስኑ፤ ነጠላውንም በዚያው መንገድ ያሳልፉት። የእጅ ሸማ ብዙ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ የነጠላው ካሬ ከጎረቤቱ ጥጥ የበለጠ አጥሮ ሁሉን ይጨማድደዋል።

ቀጥሎ ማጠንከሪያው። ኢንተርፌሲንግ የሚባለውን በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ፣ የተሸመነውንና ጥጥ የሆነውን ዓይነት ይግዙ። ነጠላውን ለጊዜው 14 ኢንች ካሬ አድርገው ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፣ ያጣብቁ፣ ሲበርድ 13 ኢንች አድርገው ያስተካክሉ። መጀመሪያ በልኩ ቆርጠው ቢያጣብቁት ነጠላው ካውያው ሥር ስለሚንሻፈፍ ካሬው ካሬ ሆኖ አይቀርም። ካውያውን አይግፉት፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭነው ያንሱና ወደሚቀጥለው ቦታ ይሂዱ። ወርቃማው ክር ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክነት ስላለው በከፍተኛ ሙቀት ይኮማተራል፤ በዚያኛው ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው በመካከለኛ ሙቀት፣ በግልባጩ በኩል ይተኩሱ። መጀመሪያ ግን ከጫፉ ቁራጭ ወስደው ይሞክሩ።

አሁን መጠኑ። ተሰፍቶ 12 ኢንች ሆኖ የሚያልቅ ካሬ፣ 5 ወደ ጎን፣ 6 ወደ ታች፣ በድምሩ 30፤ 15 ከነጠላ፣ 15 ከታተመ ጥጥ። ሁሉም ሲቆረጥ 13 ኢንች ነው።

ለታተመው ጥጥ 2 ያርድ ይበቃል፤ ከ42 ኢንች ስፋት ሦስት ካሬ ጎን ለጎን ስለሚወጣ አምስት ረድፍ 65 ኢንች ነው። ከነጠላ ሁለት ካሬ ጎን ለጎን ለማውጣት 28 ኢንች ስፋት ያስፈልጋል፤ ያ ካለ 112 ኢንች ርዝመት 15ቱንም ይሸፍናል። ኢንተርፌሲንጉ ብዙ ጊዜ 20 ኢንች ስፋት ስላለው በአንድ ረድፍ አንድ ካሬ ብቻ ነው የሚወጣው፤ 6 ያርድ ይያዙ። ለገበር 4 ያርድ፦ በየጎኑ 3 ኢንች እንዲተርፍ 66 በ78 ያስፈልግዎታል፤ እያንዳንዳቸው 66 ኢንች የሆኑ ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ቢሰፉ ይሞላል። 108 ኢንች ስፋት ያለው የገበር ጨርቅ ካገኙ 2 ያርድ ብቻ በቂ ነው፣ መሃል ላይም ስፌት አይኖርም። ባቲንጉ 72 በ90 ተብሎ ለአንድ ሰው አልጋ የሚሸጠው ይሁን። ለዙሪያው ጠርዝ 8 ጥብጣብ በ2½ ኢንች፤ ⅔ ያርድ ይግዙ። ሰባት ጥብጣብ ይበቃል ብለው ይነግሩዎት ይሆናል፤ ጥብጣቦቹ በሰያፍ ሲቀጠሉ በየመጋጠሚያው 2½ ኢንች ያህል ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ ሊያጥርዎት ይችላል።

ጥለቱ ያለበትን ካሬ ሲቆርጡ ጥለቱ ከካሬው ጠርዝ ቢያንስ 1½ ኢንች ይራቅ። ጥለት ስፌት ውስጥ ከገባ ወፍራም ጉብታ ይሠራል፤ መርፌም ይሰብራል።

አቡጀዲ_ይበቃል፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ በኢንተርፌሲንጉ ላይ ግን አልስማማም። ማጣበቂያው የነጠላን ልስላሴ ይገድለዋል፤ ነጠላን ለኩዊልት የመረጥንበት ምክንያት ደግሞ ልስላሴው ነው። ጋሼ፣ ሌላ መንገድ አለ። ስስ ነጭ ጥጥ ወይም ቀድሞ የታጠበ አቡጀዲ 13 ኢንች ካሬ ቆርጠው ነጠላውን በላዩ ያንጥፉ፤ ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ብለው በረጅም ስፌት፣ በ4 ሚሊሜትር፣ አራቱንም ጎን ይዙሩት። ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ቆጥረው ይገጣጥሙ። ስፌቱ በግማሽ ኢንቹ ትርፍ ውስጥ ስለሚቀር አይታይም። 2 ያርድ አቡጀዲ 15ቱንም ያወጣል፤ ወርቃማው ክርም ከካውያው ስጋት ይድናል። ጉዳቱ ኩዊልቱ ትንሽ ይከብዳል፤ ሥራውም ይረዝማል።

በዚህ መንገድ ነጠላው ሲቆረጥ ስለማይጠነክር መስመሩን በማስመሪያ ብቻ አይመኑ። ከጠርዙ ጫር አድርገው አንድ የማግ ክር ይምዘዙ፤ የተመዘዘው ክር የሚተወው ቀጭን መስመር የጨርቁ እውነተኛ ቀጥታ ነው። በዚያ ላይ ይቁረጡ። በድሩ በኩልም እንዲሁ። ክሩን ሳይከተል የተቆረጠ ነጠላ ከታጠበ በኋላ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ስለ ጋቢው፦ አይመከርም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ስላልተያያዙ በባቲንግ ቦታ ሲገባ ውስጥ ውስጡን ይንሸራተታል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ክብደቱ የላዩን ስፌት ይጎትታል። እንዳይንሸራተት በየ2 ኢንቹ መስፋት ይኖርብዎታል፤ ያኔ የጋቢው ሙቀትም ልስላሴውም ይጠፋል። ጋቢው ጋቢ ሆኖ ይቆይ። 80 በመቶ ጥጥ፣ 20 በመቶ ፖሊስተር የሆነ ባቲንግ ይግዙና ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የስፌት ርቀት ያንብቡ፤ አንዳንዱ እስከ 4 ኢንች ብቻ፣ አንዳንዱ እስከ 10 ኢንች ይፈቅዳል። ከተፈቀደው በላይ አራርቀው ከሰፉት ሲታጠብ ውስጡ እየተሰነጠቀ ወደ ጥግ ይሰበሰባል።

ማሽን_ጠጋኝ፦

ስለ ማሽኑ ጥቂት ልጨምር። ለመገጣጠም 80/12 መርፌ፣ 50 ቁጥር የጥጥ ክር፣ የስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር። ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ ሲሰፉ 90/14 መርፌና 3 ሚሊሜትር። ክሩ ወርቃማው ጥለት ላይ የሚሰነጠቅ ከሆነ የብረታ ብረት ክር መርፌ የሚባለውን ይሞክሩ፤ ዓይኑ ሰፊ ነው።

ነጠላና ጥጥ ሲገናኙ ነጠላውን ከሥር ያድርጉት። ከመርፌው በታች ጨርቁን የሚስበው የማሽኑ ጥርስ የሥረኛውን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚወስድ የሚለጠጠው ጨርቅ ከሥር ሲሆን ትርፍ ርዝመቱ ይመጠጣል፤ ከላይ ከሆነ ግን ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር እየገፋው መጨረሻ ላይ እንደ ምላስ ተርፎ ያገኙታል። በየ3 ኢንቹ ስፒል ይውጉበት፤ መርፌው ከመድረሱ በፊት ይንቀሉ።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ግማሽ ኢንችዎ ትክክል መሆኑን ይፈትሹ፦ 3 ኢንች ስፋት ያላቸውን ሦስት ጥብጣቦች ጎን ለጎን ይስፉና ይተኩሱ፤ የመሃሉ በትክክል 2 ኢንች መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ስፌት የ1/16 ኢንች ስህተት ከሁለቱም ጨርቅ 1/8 ይወስዳል፤ በአንድ ረድፍ አራት ስፌት ስላለ ረድፉ ግማሽ ኢንች ያጥራል። ግራ የሚያጋባው፣ ሁሉም እኩል ቢያጥር ችግር አልነበረም፤ ነጠላና ጥጥ እኩል ስለማያጥሩ ነው ማዕዘኖቹ የማይገጥሙት። ስፌቱን ግራና ቀኝ ከፍተው ይተኩሱ፤ ወደ አንድ ጎን ካጠፉት አራት ካሬ የሚገናኝበት ቦታ በጣም ይወፍራል።

ንብርብሩን ለማያያዝ ገበሩን መሬት ላይ ገልብጠው ይወጥሩ፣ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ ባቲንጉን ከዚያም የላዩን ያንጥፉ፤ በየ4 ኢንቹ፣ የተጨበጠ እጅ በሚሸፍነው ርቀት፣ በመርፌ ቁልፍ ይያዙት። ገበሩ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ፤ ተለጥጦ ከተያዘ ፕላስተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይሰበሰብና ጀርባው ሁሉ እጥፋት ይሆናል። ስፌቱን ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ይሂዱ። ዎኪንግ ፉት የሚባለውን ተጨማሪ እግር ለማሽንዎ ሞዴል የሚሆነውን ይግዙ፤ የላዩንና የሥሩን እኩል ስለሚስብ እንዲህ ላለ ሥራ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የሚገዛ ነው። ቀጥታ መስመር በየ3 ኢንቹ በቂም ያማረም ነው፤ ነጠላው ላይ የተጠማዘዘ ጌጥ አይሞክሩ።

ጡረተኛው_ከሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። በአቡጀዲው ልሞክር ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጆች ቤት ይውላሉ፤ አንዷ የ4 ዓመት፣ አንዱ የ8 ወር ነው። ነፃ የምሆነው ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሥራውን እንዴት ልከፋፍለው? ኩዊልቱ ለሕፃኑስ ይሆናል? እጄ ቶሎ ስለሚደክም የመጨረሻውን ስፌት ሰው ቢሠራልኝስ?

ስፌት_በየቤቱ፦

ጋሼ፣ ሕፃኑን በተመለከተ ይህን በጥብቅ ይያዙት፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እስከ 12 ወር ድረስ በሕፃን አልጋ ውስጥ ኩዊልትም፣ ብርድ ልብስም፣ ትራስም እንዳይገባ ይመክራል። ነቅቶ እያዩት መሬት ላይ አንጥፈው ቢያጫውቱት ግን ችግር የለውም።

ጠዋት የሚሠሩት ካውያ፣ ስፒልና ሮታሪ ከተር የሚባለው ተሽከርካሪ ምላጭ የሚነካቸውን ሥራዎች ብቻ ይሁን። ምላጩን ባስቀመጡ ቁጥር መሸፈኛውን ይዝጉ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ስፒል ሲጀምሩና ሲጨርሱ ይቁጠሩ፤ ማግኔት ያለው የስፒል ማስቀመጫ ለዚህ ይረዳል። ልጆቹ ባሉበት ሰዓት ካሬዎቹን መሬት ላይ መደርደር ይቻላል። የ4 ዓመቷ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሚሆን ብትመርጥ ደስ ይላታል፤ ረድፉን በወረቀት ላይ ቁጥር ጽፈው ፎቶ ያንሱት። በአንድ ጠዋት አንድ ረድፍ መገጣጠም ተገቢ ልክ ነው። 40 ደቂቃ ሲሞላ ይነሱ፤ ትከሻ የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛው ከክርን በላይ ሲሆን ነውና የወንበሩን ከፍታ ያስተካክሉ።

ሰው ቢሠራው ጥሩ ነው፤ ትልቅ የኩዊልት ማሽን ያላቸው ሰዎች በየከተማው አሉ፤ የሚያስከፍሉትም አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ኢንች ነው። የእርስዎ 60 በ72 ማለት 4,320 ካሬ ኢንች ነው፤ ለምሳሌ በ3 ሳንቲም ቢሆን 129 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ገበሩና ባቲንጉ በየጎኑ 4 ኢንች እንዲተርፍ ይጠይቁዎታል፤ ስለዚህ ገበሩ 68 በ80 ይሁን። የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ክር ያለበት ጥለት እንዳለ ቀድመው ይንገሯቸው፤ ስፌቱ በዚያ እንዳያልፍ ቦታውን በሚታጠብ ጠመኔ ምልክት ያድርጉበት።

አቡጀዲ_ይበቃል፦

እጅ ለሚደክመው ሌላ አማራጭ አለ፤ ስፌቱን ትቶ በቋጠሮ መያዝ። በአሜሪካ ገጠር ብዙ ሰው ለዘመናት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። ወፈር ያለ የጥጥ ክር በትልቅ መርፌ ሦስቱን ንብርብር አሳልፈው፣ ሩብ ኢንች ራቅ ብለው መልሰው አውጥተው ሁለት ጊዜ ይቋጥሩ፤ አንዱን ቀኝ በግራ፣ ሁለተኛውን ግራ በቀኝ፣ እንዳይፈታ። ክሩን አንድ ኢንች አስቀርተው ይቁረጡ። በየ4 ኢንቹ። ከሕፃኑ የተነሣ ጫፎቹን ወደ ገበሩ በኩል ማድረግም ይቻላል፤ የሚጎተት ክር አፍ ውስጥ ይገባልና። ቋጠሮው በነጠላው ካሬ ላይ ሲያርፍ ጠበቅ አያድርጉት፤ ሸማው ዓይን አውጥቶ ይቀደዳል፤ አቡጀዲውን በደንብ መያዙን ከጀርባ ያረጋግጡ።

በነገራችን ላይ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከተለበሰ የሥራ ልብስ የሠሯቸው ኩዊልቶች በ2002 ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ቀርበዋል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆነዋል። ካሬዎቻቸው እኩል አይደሉም፤ ፎቶዎቹን ቢያዩ ነጠላዎን ሲደረድሩ ድፍረት ይሰጥዎታል።

ማሽን_ጠጋኝ፦

ለጠርዙ አንድ ነገር ብቻ። የ2½ ኢንቹን ጥብጣብ ለሁለት አጥፈው፣ ተኩሰው፣ ከፊቱ በኩል ሲሰፉ ጥግ ላይ ሊደርሱ የስፌት ትርፍዎን ያህል፣ ሩብ ኢንች ከሆነ ሩብ ኢንች፣ ሲቀር ያቁሙና ክሩን ይቁረጡ። ጥብጣቡን ወደ ላይ በ45 ዲግሪ አጥፈው ከዚያ በቀጥታ ወደ ታች ይመልሱት፤ ከላዩ ጠርዝ ጀምረው ይስፉ። እስከ ጫፍ ከሰፉት ጥጉ አይታጠፍም፤ ክብ ይሆናል። ነጠላው ዳር ላይ ባለበት ጎን ጠርዙን ከመስፋትዎ በፊት ዙሪያውን በ⅛ ኢንች ገባ ብለው አንድ ጊዜ ይስፉት፤ ያ ስፌት ሸማው እንዳይለጠጥና ዳሩ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል። ጀርባውን በእጅ ለመዘምዘም ጊዜ ካጠረዎት ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ ከገበሩ በኩል ሰፍተው ወደ ፊት ያጥፉና በማሽን ከላይ ይጨርሱት።