ያገለገለች ሪቦርን አሻንጉሊት ላድስ ነው፣ ቀለሟን እንዴት ላስለቅቅ?

ሰሊ ዘሜሪላንድ፦
ሰላም ለቤቱ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንዲት ሪቦርን በርካሽ አገኘሁ፣ እነዚያ ቁርጥ ጨቅላ ሕፃን የሚመስሉት አሻንጉሊቶች ማለቴ ነው። ጭንቅላቷና እጅ እግሯ ቪኒል (ለስለስ ያለ ፕላስቲክ)፣ ገላዋ ጨርቅ። ጉንጯ ላይ ቀለሙ ተላጧል፣ ግንባሯን የሆነ ልጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞነጫጭሮታል፣ ፀጉሯም ከኋላ ሳስቷል። ሁሉንም አስለቅቄ እንደ አዲስ ልቀባት አስቤያለሁ፣ በዚያው የኛን የሐበሻ ሕፃን ብትመስል ደስ ይለኛል። ገበያ ላይ ያሉት ጠይም ሪቦርኖች አብዛኞቹ ቡኒ ቀለም የተደፋባቸው ነው የሚመስሉት። ቀለሙን በአሴቶን ባስለቅቅ ቪኒሉን አይበላውም? አዲሱን ቀለም ለማድረቅስ ኦቨን የግድ ነው?

ብሩሽና ስፖንጅ፦
እህቴ መጀመሪያ ፍቻት። አንገቷና እጅ እግሯ ከጨርቁ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የታሰሩት፣ ማሰሪያውን ብቻ ቁረጪ። ክብደት እንዲሰጣት አሸዋ ወይም ደቃቅ የብርጭቆ ዶቃ ይሞሉባታል፣ ሳህን ላይ ካልገለበጥሽው ከምንጣፍ ላይ ስትለቅሚ ነው የምትውይው።

አሴቶን ንጹሁን ግዢ። ሽቶና ቅባት የገባበትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተይው። በጥጥ ነካ አድርገሽ ጥረጊ፣ አትዘፍዝፊያት፣ ቆይቶ ከሰረገ ቪኒሉ ይላላል። ዓይኗ ክፍት ከሆነ አውጪው፤ አክሪሊክ ዓይን አሴቶን ከነካው ደብዝዞ ይቀራል። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ እንዳትሠሪ።

እስክሪብቶውን ግን በአሴቶን አትንኪው፣ ያሰራጨዋል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት የብጉር ቅባት አለ፣ 10 በመቶውን ፈልጊ። መስመሩ ላይ ብቻ ቀቢና ፀሐይ ላይ አውያት፣ እጠቢና ድገሚ። ቀናት ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዙሪያውን ከነካ የቪኒሉን ቀለም ያነጣዋል፣ ስለዚህ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ሥሪ። አዲሱን ቀለም ከመጀመርሽ በፊት ይህን ጨርሺ።

ባለ ኦቨኑ፦
ኦቨን የግድ የሚሆነው በምትገዢው ቀለም ነው። ጄኔሲስ የሚባለው ያለ ሙቀት አይደርቅም፤ በየንብርብሩ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በናንተው ኦቨን ወደ 265 ፋራናይት መሆኑ ነው፣ 8 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ጥሩነቱ ካልጋገርሽው ስለማይደርቅ ተረጋግተሽ ታስተካክያለሽ፣ ካላማረሽ ጠርገሽ ትጀምሪያለሽ። በአየር የሚደርቀው አክሪሊክ ኦቨን አይፈልግም ግን ፈጣን እጅ ይፈልጋል።

ዶሮ በምትጠብሺበት ኦቨን አትጋግሪ። አሮጌ ትንሽ የጠረጴዛ ኦቨን ፈልጊ፣ ውስጡ ቴርሞሜትር አስቀምጪ፣ የኦቨን ቁጥር አይታመንም። ስታወጫት ሳትቀዘቅዝ አትንኪያት፣ ጣትሽ ጉንጯ ላይ ታትሞ ይቀራል። ጭንቅላቷ ኦቨን የሚገባ ከሆነ ፀጉሩን አስቀድመሽ ንቀይው።

እማማ ጨቅላ፦
ቀለሙን ለኔ ተዉልኝ 😊 የኛ ልጅ ሲወለድ ቀላ ብሎ ነው። አክስቶች ጆሮውን ገልበጥ አድርገው “ይሄማ ጠይም ነው” የሚሉት ለዚህ ነው። የጆሮዋን ጠርዝና የጥፍሯን ሥር ከፊቷ አጠቁሪ፣ የጣት መገጣጠሚያዎቿንም እንዲሁ። መዳፍና ውስጥ እግር ፈካ ይበል፣ የመዳፏ መስመሮች ብቻ ቡኒ ይሁኑ።

ከቡኒ አትጀምሪ። መጀመሪያ ቀላ ያለ ቀለም በጣም አቅጥነሽ፣ ሰማያዊ ደም ሥር በግንባሯ ጎንና እርግብግቢቷ አካባቢ፣ ከዚያ ቡኒውን በተቦጫጨቀ ስፖንጅ እየነካካሽ። እኩል አታልብሽው፣ የሰው ቆዳ ዥንጉርጉር ነው። እያንዳንዱ ንብርብር የለም እስኪባል ይሳሳ። ቀይ ዳማ ከፈለግሽ ቡኒውን ቶሎ አቁሚ፣ ጠይም ከፈለግሽ ቀጥዪ። ከንፈሯን ሮዝ እንዳታደርጊብኝ አደራ! በመጨረሻ ማት ቫርኒሽ፣ አለዚያ ታብረቀርቃለች።

ተጠራጣሪው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ እነዚህን ነገሮች እፈራለሁ። ባለቤቴ አንዷን ሶፋ ላይ አስተኝታ ሄዳ፣ ማታ መብራት ሳበራ ክው ነው ያልኩት።

ብሩሽና ስፖንጅ፦
@ተጠራጣሪው ብቻህን አይደለህም 😂 እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ሃምፕሻየር፣ ኪን ከተማ ውስጥ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሕፃን ታፍኗል ብሎ መስታወት ሰብሮ ያወጣው ሪቦርን ነበር። ሰሊ፣ መኪና ውስጥ ጥለሻት እንዳትሄጂ።

ሰሊ ዘሜሪላንድ፦
ኧረ ተባረኩ! ፈታኋት፣ ውስጧ አሸዋ ነው። ፀጉሩን መልሼ የምተክለው በምንድን ነው?

እማማ ጨቅላ፦
ሞሄር፣ የአንጎራ ፍየል ፀጉር ማለት ነው፣ ጠቆር ያለና ከርደድ ያለውን። የፌልት መርፌ (ጫፉ አካባቢ ጥቃቅን ጥርስ ያለው ቀጭን መርፌ) 42 ወይም 43 ቁጥር፣ ትርፍ ያዢ ይሰበራል። ወደሚተኛበት አቅጣጫ አጋድመሽ ውጊ፣ በየቀዳዳው ሁለት ሦስት ዘለላ ብቻ፣ ስትጨርሺ ከውስጥ ሙጫ ቀቢ። ፀጉሩ ከቀለሙ በኋላ ነው። ጉንጯ ሲደርስ ፎቶ ለጥፊልን።