የሞተረኞች ባር የከፈቱ ሰዎች እነማን ናቸው? ታሪካቸውን የምታውቁ እስኪ

ሸገር ራይደር፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። እኛ ቅዳሜና እሁድ በሞተር ወደ ደብረ ዘይት ወደ አዳማ ምናምን የምንወጣ ልጆች ነን፣ አሁን ከመሀላችን አንዱ መንገድ ዳር ሞተረኛ የሚያርፍበት ቤት ካልከፈትኩ ብሎ ተነስቷል፣ ቡናም ምግብም ቢራም ያለበት። ፊልም ላይ የምናየው የሞተረኛ ባር ባለቤት ሁሌ ንቅሳታም ጉልቤ ነው፣ እኔ ግን የእውነቶቹን ሰዎች ነው ማወቅ የፈለግኩት፣ ከምን ተነሱ፣ ራሳቸው ይነዱ ነበር ወይ፣ አዋጥቷቸዋል ወይ። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ፣ ልጁም እያነበበ ነው።

የዌምብሌው፦
ወንድሜ ደግ ጥያቄ ነው። እኔ ያለሁት ለንደን ስለሆነ ስለ ኤስ ካፌ ልንገርህ፣ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ስም ያለው የሞተረኛ ቤት ያለ አይመስለኝም። በ1938 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የከፈተው ቪክ ኤደንቦሮ የሚባል ሰው ነው፣ ኖርዝ ሰርኩላር የሚባለው ቀለበት መንገድ ዳር፣ ያሰበውም ለሞተረኛ ሳይሆን ለከባድ መኪና ሹፌሮች ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ስለሆነና ትኩስ ነገር ስለማይጠፋ ሞተረኛውም መምጣት ጀመረ። በ1940 ጀርመኖች አጠገቡ ያለውን የባቡር ግቢ ሲደበድቡ ቤቱም አብሮ ወደመ፣ እንደገና ተሠርቶ የቆመው በ1949 ነው። ከዛ በኋላ ነው እንግዲህ የቆዳ ጃኬት ለባሾቹ ልጆች፣ ሮከርስ የሚባሉት፣ ቤታቸው ያደረጉት። ጁክቦክሱ ላይ ሳንቲም ከትተው ዘፈን ያስጀምሩና ሮጠው ወጥተው ሞተር አስነስተው የተባባሉበት ቦታ ደርሰው ዘፈኑ ሳያልቅ ለመመለስ ይሽቀዳደሙ ነበር። በሰዓት 100 ማይል ማለት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱን ያለፈ ልጅ ስም ያወጣል። ብዙዎቹ በዛ መንገድ ላይ ሞተዋል፣ ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ደግ አይሆንም።

ቤቱ እንዴት ተዘግቶ ማን መልሶ እንዳስነሳው ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አንድ ቄስ ልጨምር። ቢል ሸርጎልድ ይባላሉ፣ ራሳቸውም ሞተር ይነዱ ነበር። በ1962 ልጆቹን ቤተክርስቲያን ሊጋብዙ ወደ ኤስ ሲሄዱ የክህነት ኮሌታቸውን በስካርፍ ሸፍነው ነበር፣ መጀመሪያ የሄዱ ቀን ግን ድንጋጤ ያዛቸውና ጋዙን ሰጥተው ቤቱን አልፈውት ሄዱ። ሌላ ቀን ተመልሰው ገቡ፣ ልጆቹም በክብር ተቀበሏቸው፣ ፊፍቲናይን ክለብ በሚባለው የቤተክርስቲያን የወጣቶች ክለብ ውስጥ የጀመሩት የሞተር ክፍል እስከዛሬ አለ።

በ1969 ኤስ ተዘጋ። አውራ ጎዳናዎቹ ተከፍተው ሹፌሮቹ በዛ መንገድ መምጣት ትተዋል፣ ወጣቱም ሞተሩን ትቶ መኪና መግዛት ጀምሯል። ቤቱ ጎሚስታ ሆነ። ማን አስነሳው ብትለኝ ማርክ ዊልስሞር፣ የለንደን ፈረሰኛ ፖሊስ የነበረ ሰው! ፖሊስ ያሳድዳቸው የነበሩትን ልጆች ቤት ያስከፈተላቸው ፖሊስ የነበረ ሰው ነው፣ እኔን ይሄ ሁሌ ያስገርመኛል። በ1994፣ ቤቱ በተዘጋ በ25 ዓመቱ፣ የድሮዎቹን ጠርቶ ሰበሰባቸው፣ በሺዎች መጡ፣ ሽማግሌ ሆነው የመጡም ነበሩ። ከዛ ቀስ በቀስ ሕንፃውን እጁ አስገብቶ በ2001 ሙሉ በሙሉ ከፈተው። ራሱ ነጂ ነው፣ ከነፍሱ የሚወደው ነገር ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መክፈቻው ስንት ዓመት እንደታገሰ ቁጠረው።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ያኔ በደህናው ዘመኑ ኤስ ውስጥ የሚጠጣው ሻይ ነው። ስለ ቢራው ልጁ ደጋግሞ ያስብበት።

ኤልኤ ሰላም፦
እኔ ካሊፎርኒያ ነኝ፣ እዚህ ማልሆላንድ በሚባለው የተራራ መንገድ ላይ ሮክ ስቶር የሚባል የሞተረኛ ቤት አለ፣ እሁድ እሁድ ሞተር በሞተር ነው። ኤድ ሳቭኮና ባለቤቱ ቨርን በ1961 ሲገዙት ከድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነበር፣ ድሮ የፈረስ ጋሪ ማረፊያ የነበረ፣ እነሱም እንደ ግሮሰሪ ነው የያዙት። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሞተረኛው ራሱ መጣላቸው፣ እነስቲቭ ማክዊን፣ የፊልም ተዋናዩ፣ ሳይቀሩ። ባልና ሚስት በቃ፣ ምግብ እያበሰሉ፣ ሰዉን በስሙ እየጠሩ። ኦሬንጅ ካውንቲ ያለው ኩክስ ኮርነርም እንደዛው ነው፣ በ1926 አካባቢ ኩክ የሚባል የዛው አገር ሰው ነው ምግብ ቤት ያደረገው፣ በ1946 የጦር ሠራዊት መመገቢያ አዳራሽ ገዝቶ አምጥቶ እዛው ተከለው። ወደ ሞተረኛ ቤትነት የዞረው በ70ዎቹ የሞተር ዕቃ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሲገዙት ነው። በነሐሴ 2023 እዛ ቤት ጡረታ የወጣ ፖሊስ ተኩሶ ሦስት ሰው ገድሏል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከሳምንት በኋላ ግን ተከፍቶ ሞተረኛው መጥቶ ሞላው።

ሸገር ራይደር፦
የዌምብሌው፣ ኤልኤ ሰላም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያልጠበቅኩትን ነው የጻፋችሁልኝ። ማናቸውም ለሞተረኛ ብለው አልጀመሩም ማለት ነው?

ዳኮታ ሞላ፦
ለሞተረኛ ብሎ የጀመረም አለ፣ ሳውዝ ዳኮታ ስተርጂስ ያለው ፉል ስሮትል ሳሉን። ማይክል ባላርድ ይባላል ባለቤቱ፣ በ1999 ነው የከፈተው፣ ቤቱ በቲቪ ሾው ሁላ ታዋቂ ሆኗል። ስተርጂስ 7 ሺህ ሰው ገደማ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት፣ በነሐሴ ግን ለዓመታዊው ራሊ፣ ማለት ለሞተረኞች ትልቅ ስብሰባ፣ በመቶ ሺዎች ይመጣሉ፣ እና የሱ ቤት የዓመቱን ገቢ የሚለቅመው በነዛ አሥር ቀናት አካባቢ ነው። በመስከረም 2015 ሌሊት ተቃጥሎ አመድ ሆነ፣ ሰውየው ግን ለ2016ቱ ራሊ ሌላ ቦታ ላይ ደርሶ ከፈተ። ጉልበቱን አደንቃለሁ፣ ግን እኛ አገር እንደዛ የሚጎርፍ ሞተረኛ የለም፣ ጓደኛህ ከባንክ ተበድሮ ከሆነ የሚከፍተው ማክሰኞና ረቡዕ ማን ገብቶ እንደሚበላ አስቀድሞ ይወቅ።

ሸገር ራይደር፦
ልጁ አሁን አጠገቤ ነው። ያየው ቦታ ከሞጆ በፊት የጂቡቲ መኪኖች የሚያልፉበት አስፋልት ላይ ነው፣ ሹፌሮቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ስለሚያልፉ ቁርስና ሻይ በዛ ሰዓት ልጀምር ይላል፣ እኛ ደግሞ እሁድ እንመጣለን። ለከባድ መኪና የሚበቃ ማቆሚያ ከሌለው ግን አይሆንም፣ ቅዳሜ ሄደን ግቢውን ልንለካ ነው።