ሞንትጎመሪ ላይ ያሸነፈው እግር ነው ችሎት?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ አሜሪካ፣ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ታሰረች። የከተማው ጥቁሮች 381 ቀን አውቶቡስ አንሳፈርም፣ በእግራችን እንሄዳለን አሉ። በመጨረሻ የወንበር መድልዎው ቀረ። ያስቀረው አድማው ነው ፍርድ ቤቱ? ስድብ የለም።

ባለታክሲው፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? እግር ነው! ዲሲ ውስጥ ስንት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ በሙያዬ ልናገር። መጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች ሰዉን በ10 ሳንቲም፣ በአውቶቡስ ዋጋ ይጭኑ ነበር። ከተማው ምን አለ? ትንሹ ታሪፍ 45 ሳንቲም ነው፣ አሳንሶ የጫነ ይቀጣል። ሕግ ማለት ይኸው ነው። ሰዉ ግን መች ተበገረ፤ የግል መኪና አሰባስቦ በተራ መጫን ጀመረ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እግሩን አልናቅኩም። ግን አድማው ሲጀመር ምን እንደጠየቀ ያውቃሉ? መድልዎ ይቅር አላለም። ሹፌሮች በትሕትና ያናግሩን፣ ነጭ ከፊት፣ ጥቁር ከኋላ ጀምሮ ቀድሞ በመጣ ይቀመጥ፣ በእኛ መስመር ጥቁር ሹፌር ይቀጠር። በቃ። ከተማው ይቺንም እምቢ አለ። ክፍፍሉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ በ1956 ፌብሩዋሪ የከፈተው ክስ ነው። ከሳሾቹ አራት ሴቶች ናቸው፤ ሮዛ ፓርክስ የለችበትም። አንዷ ክላውዴት ኮልቪን ናት፣ ከሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ በ15 ዓመቷ የታሰረችው። ጁን ላይ ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ፈረዱላቸው።

ነርሷ፦ ሁለታችሁም ነዳጁን ረሳችሁት። ያ ሁሉ መኪና በምን ሄደ? ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ኬክና ዶሮ እየሠራች ትሸጥ ነበር። በንጉሡ የአድማ ክስ ላይ መስክራ ከሥራዋም ተባራለች። ንጉሡ ያልኩት የአድማውን መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግን ነው፣ አትሳቁ። ብሩን ይዛ ስትመጣ ከየት አመጣሽው ቢሏት «ከየትም»። የቡድናቸው ስምም እሱው ሆነ። ኬኩን የገዛው ሰው ከሥራው እንዳይባረር ነዋ።

ባለታክሲው፦ ተባረኪ። እህቴ የሕግ ተማሪዋ፣ አንቺ ደግሞ ይሄን መልሺ። በ1954 ትምህርት ቤት በዘር አይከፈል ተብሎ ተፈረደ አይደል? ከአሥር ዓመት በኋላ በደቡብ ከነጭ ጋር የሚማረው ጥቁር ልጅ ከመቶ ሦስት አይሞላም ነበር። ፍርድ ብቻውን ወረቀት ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ እሱን እቀበላለሁ። ግን ኖቬምበር 13ን ያስቡት። ኪንግ ችሎት ተቀምጧል። ከተማው የመኪናውን ቅብብል አሳግዱልኝ ብሏል፤ እንደሚታገድም ሁሉም ያውቃል። በዕረፍት ሰዓት አንድ ጋዜጠኛ ብጣሽ ወረቀት አቀበለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሴቶቹ የተፈረደውን አጽንቶታል! ያ ዜና ባይመጣ አድማው የት ይደርስ ነበር?

ባለታክሲው፦ በእግሩ ይደርስ ነበር። እግዱ በዚያው ቀን ወጣ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሞንትጎመሪ የገባው ግን ዲሴምበር 20 ነው። ከወር በላይ! የሚቀባበል መኪና የለ፣ ሰዉ ግን አውቶቡስ አልወጣም።

የሕግ ተማሪዋ፦ ይቺን አላሰብኳትም፣ ወሰድኳት። ግን በማግስቱ ጥቁሮቹ ፊት ወንበር ሲቀመጡ ሹፌሩ ተነሱ ያላላቸው ለምንድን ነው? ያንን ወረቀት ፈርቶ አይደለም?

ባለታክሲው፦ እሺ፣ ሹፌሩ ፈራ። ተኳሹስ? ሳምንት ሳይቆይ አውቶቡሶቹ ላይ ጥይት ተተኮሰ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሁለት እግሯን ተመታች።

ነርሷ፦ ከተማውም የማታውን አውቶቡስ አቆመ። ሰዉ ከሥራ ሲመለስ እንደገና በእግሩ።