ለፓርኪንሰን ሕመም የንዝረት መሣሪያ ብናስመጣ ይጠቅማል?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባታችን የፓርኪንሰን ሕመም ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት አልፏል፤ ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። በኮብልስቶን መንገድ በባጃጅ ተጉዘው በወረዱ ቁጥር የእጃቸው መንቀጥቀጥ ለጥቂት ጊዜ ረገብ እንደሚል እርሳቸውም እኛም አስተውለናል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ይህን ሰምቶ ደረት ላይ የሚለጠፍ የሚነዝር መሣሪያ ገዝተን እንላክላቸው ይላል። ገንዘቡን የምናዋጣው በብዙ ችግር ስለሆነ፣ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ያስተዋላችሁትን ነገር ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ሻርኮም አስተውሎታል። ሕመምተኞቹ በባቡር ወይም በሠረገላ ረጅም መንገድ ሲጓዙ እንደሚቀልላቸው ስለነገሩት የሚነዝር ወንበር አሠርቶ በ1892 እ.ኤ.አ. ስለ ውጤቱ አስተምሯል። ሐሳቡ በቺካጎ እንደገና ሲፈተን ግን ገሚሶቹ በሚነዝር፣ ገሚሶቹ በማይነዝር ወንበር ላይ ለአንድ ወር በየቀኑ የሚያረጋጋ ድምፅ እያዳመጡ ተቀመጡ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ሁለቱም ወገኖች ተሻሽለዋል፣ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይህ መንቀጥቀጥ በጭንቀት የሚብስ፣ በመረጋጋት የሚቀንስ ስለሆነ፣ አባታችሁን የጠቀማቸው ከቤት ወጥተው ነፋስ መቀበላቸው ሊሆን ይችላል። እፎይታቸው ግን እውነተኛ ነውና ባጃጁን አትከልክሏቸው።

መልስ፣ ከአዳማ፦
እናቴን የማስታምም ነኝ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፒተር ታስ ቡድን የጣት ጫፎችን በየተራ የሚነዝር ጓንት እየሞከረ ነው፤ ዓላማውም በአንጎል ውስጥ ከልክ በላይ በአንድ ምት የሚሠሩትን የነርቭ ሴሎች ከዚያ ቅንጅት ማላቀቅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ተስፋ ቢሰጥም የተሞከረው በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ ገንዘቤን አላወጣበትም። ለእናቴ የረዳት ሌላ ነገር ነው፤ በር ላይ ስትደርስ እግሯ ከወለሉ ተጣብቆ ይቀር ስለነበር፣ ባለቀለም ፕላስተር በእርምጃዋ ልክ አግድም ለጥፈንላት እየተሻገረች ትሄዳለች። ደግሞስ መድኃኒቱን የሚወስዱት ከምግብ ጋር ነው? ሥጋ፣ ወተትና ሽሮ ያላቸው ፕሮቲን ሌቮዶፓ ወደ ደምና ወደ አንጎል እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ ብዙ ሐኪሞች ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት እንዲወሰድ ይመክራሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀኑን ክኒን ሁልጊዜ ከምሳ ጋር ነበር የምንሰጣቸው፤ ከሰዓት በኋላ የሚብስባቸው ለዚህ ይሆን እያልኩ ነው። ሰዓቱን ከመለወጣችን በፊት ሐኪማቸውን እናማክራለን፤ ወንድሜንም መሣሪያውን ለጊዜው እንዲያቆየው እነግረዋለሁ።