አለቃዬ እየለቀቀች ነው፣ ልከተላት?

ሰላም ወገን፣ እስቲ ምከሩኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ኃላፊያችን ወደ ሌላ ድርጅት ልትሄድ ነው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዋም እያለቀ ነው። ቀጣዩን የደረጃ ዕድገት የምታገኘው አንተ ነህ ብላኝ ነበር፣ ግን በቃል ብቻ። የሰው ኃይል ክፍልን ብጠይቅ «አዲሱ ኃላፊ ሲመጣ እናያለን» አሉኝ። እስከዚያው የእሷን ሥራ የምሸፍነው እኔ ነኝ፤ የተጠባባቂነት ደብዳቤ የለም፣ አበል የለም፣ ምስጋናውም ቢሆን በስንት ጊዜው!

እሷ ደግሞ «ና፣ አብረን እንሥራ» ትለኛለች። ደስ ይላል። ግን እዚያ ብሄድ እንደገና የሙከራ ጊዜ ሊኖር ነው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፣ በዚያ መሃል ካልተስማማኋቸው ያለ ማስጠንቀቂያም ያለ ካሳም ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ። እሷም ለቤቱ አዲስ ናት፣ ምን ያህል እንደምትደመጥ ማን ያውቃል?

ተጠባባቂነቱን በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ ልሟገት ወይስ ልሂድ? ደግሞ ሳትወጣ በፊት ስለ ዕድገቱ ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል እንድትጽፍልኝ ብጠይቃት ነውር ይሆን? አለቃውን ተከትሎ የሄደ ካለ፣ እንዴት ሆነላችሁ?