«መላ አያጣም» እና የቀረችን 85 ሰከንድ

የታቦር ልጅ፦ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮው «ዓለም 85 ሰከንድ ነው የቀራት» ይለናል። የአሜሪካ ሳይንቲስቶች በጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ያስተካከሉት «የምጽአት ሰዓት» መሆኑ ነው፤ እኩለ ሌሊት ሲሞላ ዓለም አለቀች የሚሉበት ምሳሌያዊ ሰዓት። ከ1947 ጀምሮ በዚህ ሰዓት ያስፈራሩናል። ይኸው አለን። ስልጣኔ አይጠፋም፣ የሰው ልጅ መላ አያጣም!

ቆሮሶ፦ መላ አያጣም? እዚህ ሐዋሳ አጠገብ ላለው ለጨለለቃ ምን መላ ተገኘለት? አባቶቻችን ሐይቅ ይሉት የነበረው ዛሬ ረግረግ ነው። ከብት ይግጥበታል።

የታቦር ልጅ፦ ጨለለቃ ስልጣኔ ነው እንዴ? ፈንጣጣን እይ። ስንቱን ፈጅቶ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ከምድር ጠፋ ተባለ። ከፀሐይ ጨረር የሚከልለን የኦዞን ሽፋንም ያው ነው፤ አገሮች የሚያሳሱትን ኬሚካሎች ለማስቀረት በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተፈራረሙ፣ አሁን እያገገመ ነው። መላ ማለት ይሄ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ፈንጣጣ የጠፋው እኮ ሶቭየትና አሜሪካ በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል ተባብረው ነው። ሶቭየት ክትባት ሰጠች፣ አሜሪካ ገንዘብና ባለሙያ። ዛሬ 9 አገሮች 12 ሺህ ገደማ የኒውክሌር አረር ይዘው ተፋጠዋል። መላውማ አለ። የሚስማማ ሰው ነው የጠፋው።

ቆሮሶ፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት!

ባለባጃጁ፦ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሲሞላ አለቀልን አይደል? በኛ 6 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔን የነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው የሚያገኘኝ 😂

ቆሮሶ፦ አንተ ደግሞ ባጃጅህን ሐይቁ ዳር እያጠብክ ትቀልዳለህ። ያ ሁሉ ዘይት የት የሚሄድ መሰለህ? የአዋሳ ሐይቅ እንደሆነ መውጫ ወንዝ የለው። የገባው ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው።

ባለባጃጁ፦ እና ዓለምን የማጠፋት እኔ ነኝ? አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣውን ግጠው ፌስታሉን ጥለው የሚሄዱትን ለምን አትናገርም? በቪ8 ስለሚመጡ ነው?

የታቦር ልጅ፦ ይኸው፣ ከኒውክሌር ባጃጅ እጥበት ገባን። እኔ የምለው፣ ሐይቅ ቢደርቅ ስልጣኔ አይጠፋም። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር፣ ሐረር ግን ከድሬዳዋ በኩል ውሃ በቧንቧ መጣላት። መላ አላጣችም።

ቆሮሶ፦ እስኪመጣላት በጄሪካን ስትንከራተት አንተ የት ነበርክ? ሐረርስ ድሬዳዋ አለችላት። ምድር በሙሉ ስትደርቅ ከየት ልትስብ ነው? ከማርስ?

የታቦር ልጅ፦ ምድር በሙሉ ትደርቃለች ያለህ ማነው? ሬዲዮው?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ስለ ሰዓቱ ነበር የጀመራችሁት።

ባለባጃጁ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ስሜ ጠፍቷል። እኔ የማሳጥበው አቶቴ ሰፈር ነው፣ በቧንቧ ውሃ፣ ከፍዬ። ሐይቅ ዳር አይተኸኝ ከሆነ ታርጋዬን ጥራ!